የአባቴ እጅና ግራይንደሩ

የአባቴ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረበትን ቀን አላውቅም። እኔ ያወቅሁት ከእንጨቱ ነው።

የምንሠራው በርጩማ ነው፤ ተገጣጥሞ በምስማር የሚመታው ሳይሆን ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው፣ ባለ ሦስት እግሩ፣ መቀመጫው ጎድጎድ ያለው። አባቴ ሙያውን የተማረው በመጥረቢያና በመሮ ነው። አንድ መቀመጫ ፈልፍሎ ለመጨረስ ቀኑን ሙሉ ይጎነበስ እንደነበርና ወገቡ አልቀና እያለ ያስቸግረው እንደነበር ይነግረኛል። ግራይንደር ሲመጣ ያ ሁሉ ቀረ። ግራይንደር ብረት ቆራጮች የሚጠቀሙበት፣ በሁለት እጅ የሚያዝ ማሽን ነው። እኛ የብረት መቁረጫውን ዲስክ እንፈታና በቦታው ጥርስ ያለው የእንጨት ዲስክ እናስራለን። ያ ጥርስ የዋንዛውን እንጨት እየጋጠ በግማሽ ሰዓት መቀመጫውን ያጎደጉደዋል። ቀጥሎ ጥርሳሙ ይፈታና የብርጭቆ ወረቀት የተደራረበበት ሌላ ዲስክ ይታሰራል፤ የማለስለሱ ሥራ የእሱ ነው።

እኔ ከአባቴ ጋር መሥራት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሴት ልጅ ግራይንደር ይዛ ሲያዩ ቆም ብለው የሚመለከቱ ሰዎች ዛሬም አሉ። አባቴ ግን አንድም ቀን ሴት ነሽና ተጠንቀቂ ብሎኝ አያውቅም። ተጠንቀቂ የሚለኝ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር። የማሽናችን ማብሪያ ወደ ፊት ሲገፋ ነክሶ የሚቀር ነው፤ ጣት ቢለቀውም አይመለስም። መብራት በድንገት ቢሄድ ማሽኑ ይቆማል እንጂ ማብሪያው አይጠፋም። ስለዚህ መብራት ሲመለስ ማሽኑ የትም ይቀመጥ የት፣ ማንም ይያዘው አይያዘው፣ በራሱ ይነሳል። አባቴ ማሽኑን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ የሰጠኝ ቀን፣ ስለ እንጨት አንድ ቃል ሳይተነፍስ «መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀይ» አለኝ። በኋላም ስንት ጊዜ እንደደገመልኝ አልቆጠርኩትም።

ቤታችንም ሥራ ቦታችንም ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ። ሰፈሩ ሲፈርስ ለመኖሪያ ቂርቆስ ሁለት ክፍል ተከራየን፤ ለሥራ ደግሞ ቄራ አካባቢ አንዲት የቆርቆሮ ቤት አገኘን። ጎረቤታችን የሥጋ ቤቶችን ቢላ የሚስል የስልጤ ሰው ነው። ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይርቅም፤ ቀኑን ሙሉ የመሳያ ድንጋዩ ሲዞር ይውላል። የእኛ ማሽን ከጮኸ የእሱ ይጮኻል፤ በዚህ የተነሳ አንዳችን በሌላችን አማርረን አናውቅም። አባቴ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ወደ እሱ እየሄደ ሻይ ይጠጣ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል። ይህቺ ግማሽ ሰዓት በኋላ ብዙ ነገር አመጣችብኝ።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ትልቅ ሥራ መጣልን። ካዛንቺስ አዲስ ሊከፈት የነበረ ሆቴል ለእንግዳ መቀበያው አርባ በርጩማ ፈለገ። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ራሷ መጥታ አንዱን ናሙና ደጋግማ ዳሰሰችውና፣ ለገና እንዲደርስላት ጠየቀች። አባቴ ገና ሳታበቃ እሺ አላት። በአርባ በርጩማ የተደሰተው አባቴ ብቻ አልነበረም፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ግንዱ ዋንዛ ነው፣ ደርቆ የተቀመጠ፤ ቀኑም ይበቃናል። ሥራውን ተካፈልን፤ እሱ ጠዋት ጠዋት ያጎደጉዳል፣ እኔ እግሩን አወጣለሁ፣ ከሰዓት ደግሞ አለሰልሳለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ እሱ የጨረሳቸውን ሦስት በርጩማዎች ላለሰልስ ወሰድኩና እንደ ልማዴ መዳፌን በመቀመጫው ጠርዝ ላይ አዞርኩ። የአባቴ ጠርዝ ዓይን ጨፍነው ቢከተሉት ጣት የማያደናቅፍ ነበር። ያን ቀን ግን ጣቴ ወጣ ገባ አለ። ጎንበስ ብዬ በብርሃኑ አየሁት፤ በጠርዙ ዙሪያ ትንንሽ ሞገዶች ነበሩ። ዲስኩ ዶልዱሞ ይሆናል ብዬ ዲስኩን ፈትቼ አየሁ፤ ደህና ነው። እንጨቱ ቋጠሮ ይኖረው ይሆናል ብዬ ሌላውን አነሳሁ፤ እሱም ሞገድ አለው። ሦስተኛውም።

በማግስቱ እጁን ማየት ጀመርኩ። ሲቀመጥ ቀኝ እጁን ጭኑ ሥር ያደርገዋል። ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይይዛል። ካፖርቱን ሲቆልፍ ጀርባውን ይሰጠኛል። ለካ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ከርሞ ኖሯል፤ እኔ ደግሞ ዕድሜ ነው፣ ብርድ ነው እያልኩ ሳላይ አልፌዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋቶቼ በሙሉ ጆሮ ሆኑ። እግር እያወጣሁ የማዳምጠው የአባቴን ማሽን ነበር። ጥርሱ እንጨት ሲነክስ ድምፁ ይወፍራል፣ ሲለቅ ይቀጥናል፤ የደህና ሠሪ ድምፅ እንደ አተነፋፈስ እኩል ነው። የእሱ ግን ይቆራረጥ ጀመር። ድምፁ ድንገት ቀጥ ሲል ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ ላቡን ሲጠርግ ወይም መነጽሩን ሲያስተካክል አገኘዋለሁ። ደግሞ አጎነብሳለሁ። ዓይን የማይከተለው ጥርስ ከጣቶቹ አንድ ስንዝር ርቆ ይዞራል፤ ጣቶቹ ደግሞ ለእሱ መታዘዝ ትተዋል። ይህን እያሰቡ መሮ መያዝ ከባድ ነው። ሁለት ጊዜ የራሴን አውራ ጣት መታሁ።

ለምን አልነገርኩትም? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። አንድ ቀን ሞክሬ ነበር። «አባዬ፣ አንተ ግንዱን ምረጥልኝ፣ ቅርጹን አስምርልኝ፣ ማሽኑን እኔ ልያዝ፣ ይፈጥናል» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ማን ነው የዘገየው ብሎ ጠየቀኝ። ማንም አልዘገየም አልኩ። ሶኬቱን ሰክቶ ሥራውን ቀጠለ። ሌላ ቀን ደግሞ፣ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ጥርሳሙን ዲስክ የሰጋቱራ ጆንያ ውስጥ ደበቅሁት። ጠዋት አንድም ነገር ሳይጠይቀኝ ጆንያውን ደፍቶ ፈልጎ አገኘው። «የቄራ አይጥ ብረትም ይወስዳል ማለት ነው» አለና ወደ እኔ ሳያይ አሰረው።

በቃ፣ የቀረኝ ሥራውን መደበቅ ነበር። እሱ ለሻይ ሲወጣ ጠዋት የጨረሳቸውን እየወሰድኩ ጠርዛቸውን ማስተካከል ጀመርኩ። በማለስለሻ ዲስክ የሚወጣውን በማለስለሻ፣ የማይወጣውን ደግሞ በራሱ በጥርሳሙ ትንሽ ዝቅ አድርጌ። ከዚያ ወደ እሱ ክምር መልሼ እደረድራቸዋለሁ። ድምፁ ቢሰማም የራሴን እየሠራሁ ይመስለዋል። ግማሽ ሰዓቱን ሙሉ አንድ ጆሮዬ በሩ ላይ ነው። እጁ አደጋ እንዳይደርስበት እፈራለሁ፤ እንዳወቅሁበት እንዳያውቅም እፈራለሁ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ አላውቅም ነበር። ደግሞ የሚገርመው፣ ከሰዓት ተመልሶ ክምሩን ሲያይ ፊቱ ፈካ ይላል። ጠርዙን በመዳፉ ይዳስስና በእርካታ ራሱን ይነቀንቃል። ያኔ ደስ ይለኝና ወዲያው ደግሞ ይጨንቀኛል፤ ምክንያቱም ነገ ጠዋት ማሽኑን የሚያነሳው ያቺን ደስታ ይዞ ነው።

ሃያ ስድስት በርጩማ ጨርሰን ነበር ያ ቀን ሲመጣ።

ያን ዕለት ጠዋት እጁ ብሶበት ነበር። አንደኛው በርጩማ ጠርዙ በጥልቅ ተበልቷል፤ በማለስለሻ የሚወጣ አይደለም። እሱ ወደ ጎረቤታችን እንደሄደ ጥርሳሙን ዲስክ ሳልፈታ ጠርዙን ዙሪያውን ዝቅ ማድረግ ጀመርኩ። ግማሹን እንደጨረስኩ መብራት ሄደ። ማሽኑ እጄ ላይ ድምፁ እየቀጠነ ቆመ። የጎረቤታችንም ድንጋይ ቆመ፤ ሰፈሩ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የአባቴን ሳል ሰማሁ። እየመጣ ነው። በርጩማው ግማሹ የእሱ፣ ግማሹ የእኔ ሆኖ ጭኔ ላይ ነበር። ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና በርጩማውን ወስጄ ክምሩ ውስጥ፣ የተስተካከለውን ጎን ወደ ውጭ አዙሬ ከተትኩት። መጥረጊያ አነሳሁ። አባቴ ገባ።

«ሄደች?» አለኝ፤ መብራቷን ነው።

«ሄደች» አልኩት።

ይዤ የመጣሁትን ሽሮ በላን። ስለ ሆቴሉ ትንሽ አወራን፤ ከገና በፊት አንድ ሳምንት ተርፎን እንደምንጨርስ ነገረኝ። ከበላ በኋላ ተነስቶ ማሽኑን አነሳው፣ ጥርሱ ላይ የተጣበቀውን አቧራ እፍ አለበት፣ መልሶ እዚያው አስቀመጠው። እኔ አየሁት። ሶኬቱ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነበር፤ እሱንም አየሁት መሰለኝ። አይቶ አለማየት የሚባል ነገር አለ። ሐሳቤ በሙሉ ክምሩ ላይ ነበር፤ ያንን በርጩማ እንዳያነሳው።

መጀመሪያ የጎረቤታችን ድንጋይ ነው የተነሳው። ቀጥሎ አምፖላችን በራ። እኔ አቧራ መከላከያ ጭምብሌን ከጠረጴዛው ማዶ ለማንሳት ግራ እጄን ዘርግቼ ነበር። ማሽኑ ከተቀመጠበት ዘሎ በራሱ ዙሪያ ዞረና ክንዴ ላይ ወጣ። ሕመሙ አልተሰማኝም፤ የተሰማኝ ግፊት ነው፣ ሰው እጄን በኃይል የገፋኝ ያህል። ከዚያ ጸጥ አለ። አባቴ ገመዱን በሁለት እጁ ጨብጦ በሙሉ ሰውነቱ ወደ ኋላ ወድቆ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቅሎታል። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ገመዱን አልለቀቀም ነበር።

ጎረቤታችን ሮጦ ገባ። ቢላ የሚጠርግበትን ታጥቦ የተጣጠፈ ጨርቅ አምጥቶ ክንዴን ከክርኔ በታች አጥብቆ አሰረው። «እህቴ፣ እጅሽን ወደ ላይ። ወደ ላይ ያዢው፣ አትዪው» አለኝ። ቢላ ሊያስል መጥቶ የነበረ ደንበኛው መኪናውን አስነሳ። አባቴ ከኋላ ከጎኔ ተቀመጠና የታሰረውን ክንዴን ከሥር ደግፎ ያዘ። የእሱ እጅ ሲንቀጠቀጥ የእኔም አብሮ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ቁስሉን አጥባ ብዙ ቦታ ሰፋችው። አውራ ጣቴን የሚያንቀሳቅሰው ጅማት እንደተፋቀ፣ ግን እንዳልተበጠሰ ነገረችኝ። ስድስት ሳምንት የሚንቀጠቀጥ ማሽን መያዝ የለም አለች። ከዚያ እንዴት እንደደረሰ ስትጠይቅ፣ እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት አባቴ መለሰ።

«እኔ ነኝ። ማሽኑን ሳላጠፋ አስቀመጥኩት።»

ላርመው ፈልጌ ነበር። ግን ሐኪሟ ወደ ወረቀቷ ዞረች፤ እሱ ደግሞ ቀጥሎ ከዛሬ ጀምሮ ያንን ማሽን አልነካም አለ፤ ለእሷ ሳይሆን ለራሱ የተናገረው ይመስል ነበር። ይህን ስሰማ በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ አንድ ነገር ቀለለኝ። ሁለት ወር ሙሉ እንዴት ብዬ ላስጥለው ያልኩትን ማሽን ራሱ ጣለው። ዝም አልኩ። ነገ እነግረዋለሁ ብዬ ለራሴ ተናገርኩ።

ነገ ነገን እየወለደ ሄደ።

አባቴ የሆነውን አልደበቀም። ለጎረቤታችን ነገረው፤ ለቤት አከራያችን ነገራት፤ ልትጠይቀኝ ለመጣችው ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ «ልጄን የጎዳኋት እኔ ነኝ፣ ዕድሜ ነው» አላት። እሷም አዝና፣ ያለቀውን አሁን እንደምትወስድና የቀረውን ከጥምቀት በኋላ እንደምትቀበል ነግራን ሄደች። ሰዎች ሲያጽናኑት እያየሁ እንደ ታማሚ አልጋዬ ላይ እጋደማለሁ። እሱ ቄራ መውረዱን አልተወም፤ ግን ወደ ሥራ ቤታችን አይገባም ነበር። ጎረቤታችን በር ላይ ተቀምጦ ይውላል። እጁን ጭኑ ሥር መደበቁንም ተወው፤ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦት ሲንቀጠቀጥ ያየዋል። ጎረቤታችን አንድ ቀን ደውሎልኝ፣ አባባ ሻይ አልጠጣም ማለት ጀምረዋል፣ ነገሩ አላማረኝም አለኝ።

አንድ ጠዋት ገና ሲነጋ ድምፅ ሰምቼ ነቃሁ። በክፍሎቻችን መሀል ያለው በር ገርበብ ብሏል። አባቴ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይሰግዳል። መስገዱ አላስገረመኝም፤ ጸሎተኛ ነው። ግን እየቆጠረ ነበር። ግንባሩን መሬት ያስነካና ለመነሳት የአልጋውን ጫፍ ይይዛል፤ እጁ አልጋው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ እንደምንም ይቆማል፤ ትንፋሹን ይሰበስብና «አሥራ ዘጠኝ» ይላል። ደግሞ ይወርዳል። ሃያ ላይ ሲደርስ ተንበርክኮ ቀረ። የወደቀ መስሎኝ ልነሳ ስል ተነሳ።

ቁርስ ላይ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ንስሐ ነው አለኝ። ለነፍስ አባቱ ጥፋቱን ነግሯቸው ኖሯል። እሳቸው ዕድሜውን አይተው ጸሎት ብቻ ሊሰጡት ነበር፤ ስግደቱን ለምኖ ያገኘው ራሱ ነው። በየቀኑ አርባ አንድ፣ ለአርባ ቀን። ሃያ ሦስተኛው ቀን ላይ ነበር።

ዳቦው አፌ ውስጥ ደረቀ። ከእኔ የወጣ ጥፋት በአባቴ ጉልበት እየተከፈለ ሃያ ሦስት ቀን አልፏል፤ እኔ ግድግዳው ማዶ ተኝቼ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዝምታዬን ለእሱ ደህንነት ስል ያደረግሁት እያስመሰልኩ ለራሴ እነግረው ነበር። ከዚያ በኋላ ለራሴም መንገር አልቻልኩም።

«አባዬ፣ ማሽኑን ያላጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

ቀና አላለም። ዳቦውን መቁረሱን ቀጠለ።

«አንተ ሻይ ልትጠጣ ስትሄድ እየሠራሁበት ነበር። መብራት ሲሄድ ማብሪያውን ሳላጠፋ አስቀመጥኩት። ሶኬቱንም አልነቀልኩም።»

«እኔም እኮ አንስቼው ነበር፤ ጣቴ ማብሪያውን የገፋው መስሎኝ ነው።»

«አንስተህ እፍ አልክበት። ማብሪያውን አልነካኸውም፤ አይቼሃለሁ።»

ዳቦውን መቁረሱን ተወ። ከዚያ የፈራሁትን ጥያቄ ጠየቀኝ።

«ምን እየሠራሽ ነበር?»

ልዋሽ እችል ነበር። የራሴን በርጩማ ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን አንዱን ውሸት ስነቅል ሌላ መትከል አቃተኝ። የእሱን በርጩማ ጠርዝ እያስተካከልኩ እንደነበር ነገርኩት። ስንቱን እንደሆነ ጠየቀኝ። ከጥቅምት ጀምሮ ሁሉንም አልኩት። የያዘውን ዳቦ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ፣ ነጠላውን አጣፋና ወጥቶ ሄደ።

ሁለት ቀን አላናገረኝም። ሲወጣ ደህና ዋይ፣ ሲገባ ደህና ዋልሽ፣ ሌላ ቃል የለም። ጠዋት ጠዋት ስግደቱን ሰማሁ፤ አላቋረጠም። ለወራት እየፈራሁ ያሳለፍኩትን ሁሉ ባስበው እንደዚያ ሁለት ቀን የፈራሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ማሽን ሥጋ ይቆርጣል፤ እኔ ግን የአንድ ሰው ልብ የቆረጥኩ መሰለኝ። በርጩማ መሥራት ለአባቴ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ያንን ሰው ጨርሷል፣ አርጅቷል ብዬ ሳልነግረው፣ በየቀኑ በእጄ ስነግረው ከርሜያለሁ።

በሦስተኛው ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በፋሻ የታሰረውን እጄን ትንሽ አየው።

«ሃያ አምስት ቀን ሰግጃለሁ» አለ። «ይህን ማን ይመልስልኛል?»

ልስቅ ነው ላለቅስ ነው ሳላውቅ፣ የቀረውን እኔ ልስገድ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ስግደት እንደማይባክን ነገረኝ፤ ሌላ ያጠፋው ነገር ስለማይጠፋ ለዚያ ይታሰብለታል። የእኔን ጥፋት ደግሞ ለነፍስ አባቴ ራሴ እንድናገር፣ እሱ እንደማይሸከምልኝ ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔን የከፋኝ ማብሪያው አይደለም። ማብሪያ ማንም ይረሳል። እጄን አይተሽ ዝም ማለትሽ ነው።»

«አንተስ ትደብቀኝ የለ?» አልኩት፤ ሳላስበው ነው የወጣኝ።

አሰበና፣ «እደብቅሻለሁ» አለ። «አንቺ ካወቅሽ እውነት ይሆንብኛል ብዬ ነው።»

በማግስቱ ቁስሌን ላሳይ ስሄድ አብሮኝ መጣ። ሐኪሟ የእኔን ቁስል አይታ ስትጨርስ፣ ማንም ሳይጠይቀው ቀኝ እጁን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረው። «ይህንንም እይልኝ ልጄ» አላት። እሷም ጊዜ ወስዳ አየችው። ኮሪደሩ ላይ ወዲያና ወዲህ አስኬደችው፤ ጣቶቹን እንዲያጋጭ፣ ስሙን ደጋግሞ እንዲጽፍ አደረገችው። ፊደሎቹ ወደ መስመሩ መጨረሻ ሲደርሱ እያነሱ ይሄዱ ነበር። ያንን ሳይ ዞር አልኩ። ወደ ነርቭ ሐኪም ላከችን፤ እሱም ጥቂት ሳምንት ቆይቶ የሕመሙን ስም ነገረን፤ ክኒንም አዘዘ። አባቴ ይድናል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ እውነቱን አልደበቀውም፤ አይድንም፣ ግን ክኒኑ እጅዎን ያረጋጋልዎታል፣ ብዙ ዓመትም አብረውት ይኖራሉ አለው። አባቴ አመሰገነው። ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ያዘ፤ ደህናውን ክንዴን።

ስድስት ሳምንቱ አልቆ ሥራ ቤቱን ስንከፍት ሰጋቱራው ላይ የደረቀ ደም ነበር። ጎረቤታችን አይቶ ኖሮ ይቅርታ እየጠየቀ መጥረጊያ ይዞ መጣ፤ ሳናየው ሊጠርገው አስቦ ቁልፉ አልነበረውም። አሮጌውን ማሽን አልሸጥነውም፤ ለሌላ ሰው እንዴት እሰጠዋለሁ? ገመዱን ቆርጬ ጣልኩት። አዲስ የገዛነው ማሽን ማብሪያው በጣት ተጨብጦ የሚያዝ ነው፤ ጣት ሲለቀው ይጠፋል፣ መብራት ሄዶ ቢመለስም ካልጨበጡት አይነሳም። አባቴ መመሪያውን አላመነም። ሶኬቱን እየነቀለና እየሰካ አሥር ጊዜ ያህል ሞከረው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳሁት ቀን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ከአውራ ጣቴ ጀርባ ያለው ቆዳ እስከ ዛሬ ደንዝዟል፤ ግን ያስቸገረኝ እሱ አልነበረም። ድምፁ ሲነሳ ሰውነቴ በሙሉ ወደ ኋላ ሄደ። ሁለቴ አብርቼ ሁለቴ አጠፋሁት። አባቴ ያንን አይቶ አንድ በርጩማ አነሳና ከሶኬቱ ሥር፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። እጁን ገመዱ ላይ አኖረ።

«እኔ እዚህ ነኝ። ሥሪ» አለኝ።

እንደዚያ ሆነን አሥራ አራቱን ጨረስናቸው። ቅርጹን እሱ ይናገራል፣ እኔ እፈለፍላለሁ። የመጨረሻውን ማለስለስ ያለ ማሽን፣ የብርጭቆ ወረቀት በእጁ ይዞ፣ እሱ ይሠራል። አንድ ቀን ወረቀቱ በእጁ ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁትና ዓይኔን ወደ ሌላ መለስኩ። «ተይ አትሸሺ፣ ይኸው እጄ ራሱ ማሽን ሆኗል፣ መብራትም አይፈልግም» አለኝ። ጎረቤታችን ከማዶ ሰምቶ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ደንዛዛው ጣቴ ያላገኘውን ወጣ ገባ እሱ በመዳፉ አግኝቶ የመለሰልኝ በርጩማም ነበር።

ከጥምቀት በኋላ በጭነት መኪና ካዛንቺስ ወሰድናቸው። ሆቴሉ ከድሮ ግቢያችን ብዙም አይርቅም፤ አሁን እዚያ ሰፊ መንገድና የእግረኛ መሄጃ ነው ያለው፣ የት ላይ ቤታችን ቆሞ እንደነበር መለየት አልቻልንም። ሥራ አስኪያጇ አርባውንም አስደርድራ በመሀላቸው ተመላለሰች። የትኞቹ የአባት፣ የትኞቹ የልጅ እንደሆኑ ጠየቀች። አባቴ ወደ እኔ ሳያይ፣ አንዱንም ብቻውን የሠራ ሰው የለም አላት።

አሁን ማሽኑን እኔ ብቻ ነኝ የምይዘው። መፍራቴን አልተውኩም፤ የማልተወውም ይመስለኛል። ክኒኑ ለመሥራት አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። አንዳንድ ጠዋት ቶሎ ይይዘዋል፤ አንዳንድ ጠዋት ደግሞ አይይዘውም፣ ሐኪሙ መጠኑን ይጨምረው ይሆናል ብሎናል፤ ቀጠሯችን በሚመጣው ወር ነው። ስለዚህ ከቁርስ በኋላ ወዲያው አንወጣም። ክኒኑን በውሃ እሰጠዋለሁ፣ እጁን ጠረጴዛው ላይ ያኖራል፣ ሬዲዮ እየሰማን ሁለታችንም እናየዋለን። ሲረጋጋ ካፖርቱን ራሱ ይቆልፍና ወደ ቄራ እንወርዳለን።